ነፍጥ በሰሜን፦ ከካስቲዮን እስከ ወፍላ

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ምድር ከተደረጉት ጦርነቶች በርዝመቱ ስሙ የሚነሣው፣ እ.ኤ.አ. ከ1337 እስከ 1453 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ነገሥታት ያካሄዱት የመቶ ዓመት ጦርነት ነው። እንግሊዞች በረጅሙ ቀስታቸው በ1346 በክሬሲ፣ በ1415 ደግሞ በአዣንኩር የፈረንሳይን ፈረሰኛ መኳንንት ድል አድርገዋል። ፍጻሜውን የወሰነው ግን ቀስት ሳይሆን መድፍ ነበር። በ1453 በካስቲዮን የእንግሊዝ ጦር የፈረንሳይን ምሽግ ሊሰብር ሲሞክር በመድፍ ተደመሰሰ፤ አዛዡ ታልቦትም በዚያው ወደቀ።

ይህ ከሆነ ዘጠና ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ባሩድ በእኛው ሰሜን የጦርነትን ዕድል ሲወስን እናያለን። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1529 በሽምብራ ኩሬ ዐፄ ልብነ ድንግልን ድል ካደረጉ በኋላ አብዛኛውን አገር ያዙ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1540 በስደት ላይ እንዳሉ በደብረ ዳሞ አረፉ። በ1541 በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን በምጽዋ ገቡ። እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ አምባ ወርደው አብረዋቸው ዘመቱ። በሚያዝያ 1542 በጃርቴ በተደረገው ውጊያ ኢማሙ በጥይት እግራቸውን ቆስለው አፈገፈጉ።

ኢማሙ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ከየመን የቱርክ ሹም ነፍጠኞችንና መድፎችን አስመጡ። በነሐሴ 1542፣ ዛሬ ከመቀሌ በማይጨው በኩል ወደ ኮረም የሚወስደው መንገድ በሚያልፍበት በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ፣ በወፍላ ፖርቱጋላውያኑን ድል ነሡ፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ከድሉ በኋላ ኢማሙ አብዛኞቹን ቱርኮች አሰናበቱ። በዚህም ጊዜ ዐፄ ገላውዴዎስ ከሞት ከተረፉት ፖርቱጋላውያን ጋር ተባብረው በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ገጠሙ። ኢማሙም በጥይት ተመተው ሞቱ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ።

እንግዲህ ሁለቱን ጦርነቶች ስናነጻጽር አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይታያል። በፈረንሳይ ከመድፉ በስተጀርባ ሥርዓት ነበረ። ንጉሥ ሻርል ሰባተኛ ከ1445 ጀምሮ ቋሚ ጦር አቋቁመው ነበር፤ ለዚህም ግብር ይሰበሰብ ነበር፤ የቢሮ ወንድማማቾችም የመድፉን ሥራ በሙያ ይመሩት ነበር። በእኛ አገር ግን የሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ ብልጫ በአመዛኙ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። ስለዚህ ድል የሚያጋድለው የውጭው ረዳት በመጣበትና በሄደበት መጠን ሆነ። ለወፍላው ድልና ለወይና ደጋው ሽንፈት በስድስት ወር ውስጥ መፈራረቅ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ረዳቶቹም የራሳቸው ዓላማ ነበራቸው። ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ያዙ። ዐፄ ገላውዴዎስም በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ከወይና ደጋ በኋላም ቢሆን ሰላም አልሰፈነም።

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የነገሥታትና የአዛዦች ስም ይቀድማል፤ ሠራዊት በተመላለሰበት አገር ማሳውና ከብቱ የጠፋበት ገበሬ ግን ስሙ አይመዘገብም። ከ2020 እስከ 2022 የተደረገውን ጦርነት በዓይኑ ላየው ለትግራይ ሕዝብ ይህ እውነት ማብራሪያ አያሻውም። ባለሙያ የሆነ ሁሉ ከካስቲዮንና ከወፍላ የሚወስደው ትምህርት ቢኖር፣ የተዋሱት ኃይል ከአዋሹ ጋር እንደሚሄድ፣ በራስ ዕውቀትና በራስ ተቋም የተገነባው ግን እንደሚቀር ነው።