ድንጋይ የሆነ ኩስ

 ዛሬ የምናወራው ስለ አሮጌ ኩስ ነው። አትሳቁ! ከብት የጠፋበት እረኛ እበቱን አይቶ፣ “በዚህ አልፏል፤ ሩቅ አልሄደም” ይል የለም? ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመት የሆነው አውሬም እንዲሁ ተገኝቷል።

በመጀመሪያ ውሃውን እንከተል። ከግሽ አባይ የሚነሳው ምንጭ ግልገል አባይ ሆኖ ጣና ይገባል። በባሕር ዳር ወጥቶ፣ በጢስ እሳት ወርዶ፣ ጎጃምን ይዞራል። ከደጀን በታች ባለው በረሃ የኖራ ድንጋይ ይታያል። በድንጋዩ ውስጥ የባሕር ዛጎል አለ። ይህ አገር ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ነበረና ነው።

በዚያ ዘመን በዓለም ባሕሮች ውስጥ እንደ ዓሣ የሚዋኙ፣ የተሳቢ እንስሳት ወገን የሆኑ ትልልቅ አውሬዎች ነበሩ። ኢክትዮሶር ይባላሉ። ምን ይበሉ ነበር? ይህ የታወቀው በእንግሊዝ አገር ነው።

ላይም ሬጂስ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ በ1799 ሜሪ አኒንግ ተወለደች። (ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አባቷ ድኻ አናጢ ነበር። ማንበብና መጻፍ የተማረችው በቤተ ክርስቲያን የእሁድ ትምህርት ቤት ነው። ከገደሉ ሥር የጥንት አውሬ አጥንት እየለቀመች ትሸጥ ነበር። የሊቃውንት ጽሑፍ ስታገኝ ደግሞ ቁጭ ብላ በእጇ ትገለብጠዋለች።

ሜሪ አንድ ነገር አስተዋለች። ሰው “ቤዞር” የሚለው ድቡልቡል ድንጋይ በኢክትዮሶር ሆድ አካባቢ ይገኛል። ሲሰበር የዓሣ አጥንትና ቅርፊት ይወጣዋል።

ዊልያም በክላንድ የተባለው የኦክስፎርድ መምህር ነገሩ ገባው። እሱ ቀደም ሲል የጅብ ኩስ መርምሯል። የጅብ ኩስ ለምን እንደሚነጣ እናንተም ታውቃላችሁ፤ አጥንት ስለሚበላ ነው። አጥንት ያለበት ኩስ ቶሎ በጭቃ ከተቀበረ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። በአንዳንዱም ውስጥ የትንንሽ ኢክትዮሶር አጥንት ተገኘ። ትልቁ ትንሹን ይበላ ነበር ማለት ነው!

በክላንድ ይህን በ1829 ለለንደኑ የጂኦሎጂ ማኅበር አስረዳ። ድንጋዩንም “ኮፕሮላይት” አለው፤ በግሪክ ቋንቋ የኩስ ድንጋይ ማለት ነው። በኋላ ድንጋዮቹን አስቆርጦ የጠረጴዛ ጌጥ አድርጓቸዋል። እንግዳ ምን ቀርቦለት ይበላበት ይሆን?

ሜሪ ግን ማኅበሩ ውስጥ መግባት አልቻለችም፤ ሴት ናትና። በ1847 ሞተች። ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1919 ነው።