ስለ ሙታን መዝገብ

በአሜሪካን አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት በተቀመጥሁበት ጊዜ አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ዘጠና ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በእኛ አገር ሰው እስከ ሰባት ቤት ድረስ አያቶቹን በቃሉ እንደሚቈጥር ባጫውታቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ከአባቴ በላይ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከዳተኛ ነበር» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያታቸው፣ ማለት የአባታቸው አባት፣ በባርነት ዘመን ተወልዶ በኋላ ነፃ የወጣ ሰው ነበር። ከ1900 ዓመተ ምሕረት ጥቂት ቆይቶ (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሚስቱንና ትንንሽ ልጆቹን ትቶ ለሥራ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። የጎረቤቴ አባት ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። «አባቴ ጥሎን ሄደ» እያለ አደገ፤ «አባቴ ጥሎን ሄደ» እያለም ሞተ። አሮጊቷ ሳይሞቱ ሊያውቁ የሚፈልጉት ሰውየው የት እንደ ወደቀ ብቻ ነበር።

እኔም ነገሩ ቀላል መስሎኝ «እኔ እፈልግልዎታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። አሜሪካ ከ3,000 በሚበልጡ ካውንቲዎች የተከፈለች ናት። ካውንቲ ማለት በእኛ ወረዳ እንደምንለው ያለ ነው፤ የራሱ ፍርድ ቤት አለው፤ የመሬት ውል፣ ኑዛዜ፣ ጋብቻ በዚያ ይጻፋል። እንግዲህ ሞትም በዚያ ይገኛል ብዬ አንድ ማለዳ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄድሁ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ጥያቄዬን በትዕግሥት ከሰማ በኋላ፣ የቨርጂኒያ ሕግ ሞትን ማስመዝገብ የጀመረው በ1853 እንደ ሆነ፣ በ1896 እንደ ተወው፣ እንደገናም የጀመረው በ1912 እንደ ሆነ ነገረኝ። በመካከሉ ባለው 16 ዓመት፣ በራሳቸው ፈቃድ ከመዘገቡት ከጥቂት ከተሞች በቀር፣ የሞተ ሰው በመንግሥት ዘንድ አልተጻፈም። የእኛ ሰው የጠፋው በዚሁ ክፍተት ውስጥ ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ያን የሚያህል ሠልጣኝ አገር ሙታኑን መቍጠር ለምን እንዲህ ዘገየ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። የማሳቹሴትስ ሰዎች ልደትንና ሞትን የሚያስመዘግብ ደንብ ያወጡ ገና በ1639 ነው፤ ነገር ግን ደንብ ማውጣት ሌላ፣ መጻፍ ሌላ ነው። ሌሙኤል ሻተክ የተባለ የቦስተን ሰው በ1835 የኮንኮርድን ከተማ ታሪክ አሳትሞ ነበር። የነዋሪዎቹን የትውልድ ሐረግ ሲሰበስብ መዝገቡ የተጓደለ ሆኖ ስላስቸገረው፣ ሞት ሁሉ እንዲጻፍ ባለሥልጣኖቹን መወትወት ጀመረ፤ በ1842 ማሳቹሴትስ ሞትን በግዛቱ ሁሉ በደንብ መመዝገብ ያዘች። የሚገርመው፣ አያቶቹን የሚፈልግ ሰው ያስጀመረው መዝገብ ኋላ ሐኪሞቹ ወረርሽኝን የሚከታተሉበት መሣሪያ ሆነ። ሌሎቹ ግዛቶች ግን እየተጎተቱ ነው የተከተሉት። ቴክሳስ የመጨረሻ ሆና ገብታ የአገሩ ግዛቶች ሁሉ በሞት ምዝገባ ሥርዓት የተጠቃለሉት በ1933 ነው።

የ1853ቱ መዝገብ አጻጻፍም ሊታወቅ ይገባል። የግብር ሹሙ በዓመት አንድ ጊዜ ግብር ሊተምን ሲዞር «ዘንድሮ ማን ሞተባችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሰማውንም ይጽፋል። ስለዚህ ቀኑ ይሳሳታል፤ ስሙም እንደ ሰሚው ጆሮ ይጻፋል። ባሪያ ከሞተ ደግሞ ነገሩን የሚነግረው ጌታው ነው፤ በመዝገቡም ላይ የጌታው ስም በሙሉ ሲጻፍ የሟቹ ብዙ ጊዜ አንድ ስም ብቻ፣ አንዳንድ ጊዜም ምንም አይጻፍም። ያን ገጽ ሳይ ዓምዱን በጣቴ እየተከተልሁ ብዙ ቆየሁ። ሰው ሲሞት እንኳ የሌላ ሰው ንብረት ጐደለ ተብሎ ይጻፍ ነበር።

የመዝገቦቹም ዕጣ የተለያየ ነው። በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ አንዳንድ የቨርጂኒያ ካውንቲዎች መዝገባቸው ከጠላት እንዲድን ብለው ወደ ሪችመንድ ላኩት፤ በሚያዝያ 1865 ከተማይቱ ስትለቀቅ የተነሣው እሳት እዚያው በላው። ሳይልኩ በቤታቸው ያስቀመጡት አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አላቸው።

ሞቱን ባናገኝ ሕይወቱን እንፈልግ ብለን ወደ ሕዝብ ቆጠራው ዞርን። በ1900 ቆጠራ ሰውየው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ ተጽፏል። በ1910 ሚስቱ ብቻዋን አለች፤ በስሟም አጠገብ «ባሏ የሞተባት» የሚል አለ። እኔ ደስ ብሎኝ ለአሮጊቷ ሳሳያቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ባሏ የከዳት ሴት ለቆጣሪው ምን የምትል ይመስልሃል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ከዚህ በኋላ ጋዜጣ ነው። ዜና ዕረፍት ከመዝገብ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ መዝገብ ያላሰበውን እኅት፣ አማች፣ ቤተ ክርስቲያን ይጠራል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የነጮቹ ጋዜጣ የጥቁርን ሞት እምብዛም አያወጣም ነበር፤ ያወጣም እንደ ሆነ ለብቻው በተለየ ዓምድ ነው። ሪችመንድ ውስጥ ከ1880ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሪችመንድ ፕላኔት የሚባል የጥቁሮች ጋዜጣ ይታተም ነበር። የዓመታቱን ቅጂ ገጽ በገጽ አገላበጥን። ብዙ የሌላ ሰው ሐዘን አነበብን፤ የእኛን ግን አጣነው።

እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንድ ማታ ግን አሮጊቷ እንዲያው በጨዋታ ላይ፣ አያታቸው (ሴቲቱ) በክረምት ብርድ እንኳ ድንጋይ ከሰል ከቤቷ አታስገባም፣ እንጨት ብቻ ታነድ ነበር ሲባል መስማታቸውን አነሡ። ቤቱ ሁሉ በከሰል በሚሞቅበት ዘመን! ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የባቡር ሐዲድ ወደ ተራራው ከገባ በኋላ ብዙ የቨርጂኒያ ጥቁሮች ከሰል ሊቈፍሩ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ይሄዱ ነበር። ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ በ1863 ከቨርጂኒያ ተለይታ ራሷን የቻለች ግዛት ብትሆንም፣ ያን የ1853ቱን መዝገብ በየካውንቲው አላቋረጠችም። ለካ ሰውየውን የምንፈልገው በኖረበት ነበር፤ ሞት ግን የሚጻፈው በሞቱበት አገር ነው።

የዌስት ቨርጂኒያ ቤተ መዛግብት የካውንቲዎቹን መዝገብ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ማንም በኢንተርኔት እንዲያየው ከፍቶታል። በአራተኛው ቀን አገኘነው። በስሙ ውስጥ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ሥራው፣ ማዕድን ቈፋሪ። የሞቱ ምክንያት፣ በጉድጓድ ውስጥ የድንጋይ መደርመስ። ከቤቱ ከወጣ ገና አምስት ወሩ ነበር።

አሮጊቷ ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔ ግን ክፉ ሰው ሆኜ «ቆይ፣ እሱ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አልሁ። የስም መመሳሰል ብዙ ሰው አሳስቷል። አሌክስ ሄሊ በ1976 ሩትስ የተባለውን ዝነኛ መጽሐፍ አሳትሞ ለስንት ሰው አያቱን የመፈለግ ፍቅር አሳደረበት። ነገር ግን በ1981 ሁለት የትውልድ ሐረግ አጥኚዎች የቨርጂኒያን መዝገብ መርምረው፣ ኩንታ ኪንቴ ነው የተባለው ቶቢ የሚባል ባሪያ፣ ኪንቴን አመጣች ከተባለችው መርከብ መድረስ ከ1767 በፊት እዚያው ተጽፎ እንደሚገኝ አሳዩ። ሰው የሚወደውን ባገኘ ጊዜ መመርመር ይከብደዋል። እኛ ግን ዓምዶቹን እንደገና አነበብን፤ የተወለደበት ካውንቲ ገጠመ፤ «የማን ባል» በሚለውም ስር የሴቲቱ ስም ተጽፏል። እሱ ነው።

እንግዲህ ሚስቱ ሞቱን ታውቅ ነበርን? አውቃ ከሆነ ለልጆቿ ለምን አልነገረችም? ወይስ ከሰሉን የጠላችው ባሏን ከቤቷ ስላወጣባት ብቻ ነው? ይህን የሚመልስ መዝገብ የለም።

ቅጂውን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ከዚያም በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ላይ ጣታቸውን አኖሩ። በአንዱ ሞቱን ያስመዘገበው ሰው ስም፣ በሌላው ለሟቹ ምኑ እንደ ሆነ ይጻፋል። ስሙን ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም። ዝምድናው «ጓደኛ» ይላል።

«ይህ ሰው ሚስቱን በስም ያውቃታል» አሉ። «ስለ እርሷ ያወሩ ነበር ማለት ነው።» ጥቂት ዝም ብለውም «ይህስ የት ሞተ?» ብለው ጠየቁኝ።

በማግሥቱ እሱን መፈለግ ጀመርን።