ከፒስተን ወደ ተርባይን፤ የትንንሽ አይሮፕላኖች የሞተር ለውጥ ታሪክ

የአይሮፕላን አካልና ሞተር እኩል አያረጁም። አካሉ በሚገባ ከተያዘ ለዐሥርተ ዓመታት ያገለግላል፤ ሞተሩ ግን መለዋወጫው ሲጠፋ፣ ነዳጁም ሲወደድ ባለቤቱን ያስጨንቃል። ትንንሽ አይሮፕላኖችን ከፒስተን ወደ ተርባይን የማዛወር ሥራ የተስፋፋው በአንድ በኩል በዚህ ችግር፣ በሌላ በኩል ደግሞ ተጨማሪ ጉልበት በመፈለጉ ነው።

ለዚህ ታሪክ ዋና ምስክር የሚሆነው ደ ሃቪላንድ ካናዳ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ቢቨር ነው። ዓላማው ማኮብኮቢያ በሌለበት የጫካና የሐይቅ አገር ሰውና ዕቃ ማመላለስ ነበር። ዘጠኝ ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩት የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሩ 450 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ክብደቱ 290 ኪሎ ግራም ያህል ነበር።

የካናዳው ፕራት ኤንድ ዊትኒ ፒቲ6 የተባለውን አነስተኛ ተርባይን እ.ኤ.አ. በ1961 በአየር ላይ ፈተነ። በዚህ ሞተር ጋዝ አመንጪው ክፍልና ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ተርባይን በአንድ ዘንግ አይያያዙም፤ ኃይልን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው ትኩሱ ጋዝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 የበረረው ቱርቦ ቢቨር ከዚህ ሞተር 550 ያህል የፈረስ ጉልበት አገኘ፤ የሞተሩ ክብደት ግን የቀድሞውን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

ይሁን እንጂ ቀላል መሆኑ ራሱ ችግር ያስከትላል። አዲሱ ሞተር ወደ ፊት ራቅ ብሎ ካልተገጠመ የአይሮፕላኑ የክብደት ማዕከል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የተለወጡት አይሮፕላኖች አፍንጫ የረዘመውም ስለዚህ ነው። የነዳጁ መሥመርና የኤሌክትሪኩ ሥርዓትም እንደገና ይዘረጋል። አብራሪው ሞተሩን ሲያስነሳ የሙቀቱን መጠን ካልተቆጣጠረ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ውድ ንብረት ይቃጠላል። ከሁሉም በላይ፣ የሞተር ጉልበት መጨመር የክንፍን ጥንካሬ አይጨምርም።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ከ1,600 በላይ ቢቨሮች ሲሠሩ ቱርቦ ቢቨር ሆነው ከፋብሪካው የወጡት 60 ብቻ ናቸው። ታላቅ ወንድሙ ኦተር እ.ኤ.አ. በ1951 በፒስተን ሞተር በረረ፤ ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ በኋላ ግን ሌሎች ድርጅቶች ብዙዎቹን ወደ ተርባይን ለወጧቸው። የአቪዬሽን ቤንዚን በማይገኝበት ሩቅ ስፍራ ኬሮሲን ማግኘት ስለሚቀል፣ ለውጡ በረራው እንዲቀጥል ወይም እንዲቋረጥ የሚወስን ጉዳይ ሆነ።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በመጀመሪያ ለፒስተን ሞተር የታቀደው አግ-ካት የተባለ የመድኃኒት መርጫ አይሮፕላን፣ ተርባይን የተገጠመለት ዓይነቱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለሙያዎች እጅ አዲስ አበባ ላይ ተሠርቷል፤ ስሙም «እሸት» ተባለ።

እንግዲህ ለውጡ ለሁሉም ይበጃል ማለት አይቻልም። ተርባይን በሰዓት የሚፈጀው ነዳጅ ይበዛል፤ በአንጻሩ ሳይፈታ የሚሠራበት ጊዜ ይረዝማል። በዓመት ጥቂት ሰዓት ለሚበር ባለቤት ወጪው ዕዳ ነው፤ ዘወትር ለሚሠራ ግን አሮጌው አካል ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት መንገድ ነው።