ከአምስት ኪሎ እስከ 32 ኪሎ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ለ40ኛ ዓመታችን አንድ ታሪክ ቀመስ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ፣ ስለ ግቢው ሕንፃዎች ወይም ስለ መምህሮቻችን የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እሱን ከእኔ የተሻለ የሚጽፉት አሉ። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ብረት ነው። በ2006 ዓ.ም. በ30ኛ ዓመት ግብዣችን ላይ የነበራችሁ ብረቱንም፣ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ቀኝ ትከሻዬን ይዤ ሳቃስት እኔንም ታስታውሳላችሁ።

ላልነበሩት ላስረዳ። ከእኛ በኋላ ከተመረቁት አንዱ ለጨዋታው ማድመቂያ ብሎ እጀታ ያላቸው ክብ ብረቶች ደርድሮ ነበር፤ 16፣ 24 እና 32 ኪሎ። ልጆቹ ኬትልቤል ይሉታል። እኔ «ይሄማ ጊርያ ነው! ሌኒንግራድ ሳለን እንጫወትበት ነበር» አልኩና ኮቴን አውልቄ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሄድኩ። ያኔ ዕድሜዬ 52፣ ክብደቴ 66 ኪሎ ነው። እንደምንም ብዬ ትከሻዬ ላይ አደረስኩት። ወደ ላይ ልገፋው ስል ግን ውስጤ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጅማቱ በከፊል ተቀዷል ተባልኩ። ለአምስት ወር ሰሌዳ ላይ በግራ እጄ ጻፍኩ፤ ጽሑፌ ድሮም ስለማይነበብ ለውጡን ያስተዋለ ተማሪ አልነበረም።

አሁን እውነቱን ልናገር። ሌኒንግራድ አልተጫወትኩበትም። በ1978 ዓ.ም. መስከረም እዚያ ስደርስ ከአንድ ሩሲያዊ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተመደብን። የእሱ ባለ 32 ኪሎ ጊርያ ቀን በር ይይዛል፤ ጠዋት ጠዋት ሻዩ እስኪፈላ ልጁ በአንድ እጁ አሥር ጊዜ ወደ ላይ ይገፋዋል። እኔ እሱ በሌለበት ማታ ማታ እሞክር ነበር። ከጆሮዬ አልፎ አያውቅም። ትምህርቴን ጨርሼ በ1983 ስመለስም እንደዚያው ነበር። እንግዲህ ሣሩ ላይ የጣለኝ ብረቱ ብቻ አይደለም፣ ውሸቱም ነው።

እጄ በአንገቴ ታስሮ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ የዛገ ሩሲያኛዬን አራግፌ ስለዚህ ብረት ማንበብ ጀመርኩ። ጊርያ ማለት መጀመሪያውኑ የሚዛን ድንጋይ ማለት ነው። የሩሲያ ነጋዴ እህል የሚመዝንበት ብረት ነበር፤ መለኪያውም ፑድ ይባላል፣ 16.38 ኪሎ ገደማ። የእኛ ቡና ነጋዴዎች ፈረሱላ 17 ኪሎ አይደል? የፑድ የቅርብ ዘመድ ነው። የገበያ ወዛደሮች ጉልበታቸውን የሚፈትኑት በዚሁ በሚዛኑ ብረት ነበር። ሶቪየቶች ፑድን ትተው ወደ ኪሎ ከዞሩ በኋላም ብረቱ በ16፣ በ24፣ በ32 ቀረ፤ አንድ ፑድ፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት።

ይህን የገበያ ጨዋታ ወደ ሥርዓት ካመጡት አንዱ ሐኪም ነው። ቭላዲስላቭ ክራየቭስኪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1885 በሴንት ፒተርስበርግ የብረት አንሺዎች ማኅበር አቋቋመ። እኔ በተማርኩባት ከተማ፣ እኔ ከመድረሴ ልክ 100 ዓመት በፊት መሆኑ ነው፤ እኔ ግን ስሙን ያን ጊዜ ሰምቼው አላውቅም። እሱ ራሱ ብረት ማንሳት የጀመረው ከ40 ዓመቱ በኋላ መሆኑን ሳነብ ከተጋደምኩበት ተነስቼ ተቀመጥኩ። በኋላ በትግል የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ጆርጅ ሃከንሽሚትን እ.ኤ.አ. በ1898 ቤቱ አስቀምጦ ያሠለጠነውም እሱ ነው።

የሶቪየት ዘመን ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሞስኮ ላይ ትልቅ ውድድር ተደረገ፤ በ1985 ደንቡ አንድ ሆኖ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሻምፒዮና ሊፔትስክ ከተማ ተካሄደ። በውድድሩ ግን የሚቆጠረው እግርና ወገብ እየረዱ ብዙ ጊዜ ማንሳት ነው። እኔ የፈለግኩት፣ የክፍል ጓደኛዬ ያደርግ የነበረው፣ ጉልበት ሳያጥፉ በክንድ ብቻ ቀስ ብሎ መግፋት፣ እዚያ የለም። በኦሊምፒክ ክብደት ማንሳትም ከሙኒክ 1972 በኋላ ተሰርዟል። አንሺዎቹ ወደ ኋላ እየተለጠጡ በደረታቸው ይገፉ ጀመር፣ ዳኞቹም የቱ ትክክል የቱ ማጭበርበር እንደሆነ መለየት አቃታቸው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዘዴውን ያገኘሁት ሚንስክ ተወልዶ አሜሪካ የገባው ፓቬል ጻጹሊን እ.ኤ.አ. በ2006 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ለወንድ ያስቀመጠው ግብ የሰውነትን ግማሽ ክብደት በአንድ እጅ መግፋት ነው፤ ለእኔ 32 ኪሎ ማለት ነው። መንገዱ መሰላል ይባላል። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት፤ እንዲህ እያለ እስከ አምስት። አምስት መሰላል ሲሞላ ለአንድ እጅ 75 ግፊት ይሆናል። በሳምንት ሦስት ቀን፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል፣ አንዱ መካከለኛ። አቅምህን አሟጠህ አትጨርስም፣ ሁልጊዜ ትንሽ ታስቀራለህ። እኔ ደግሞ ለፈተና ዋዜማ ያለኝን ሁሉ አሟጥጬ የተመረቅኩ ሰው ነኝ።

በ2007 የጀመርኩት አንድ ሊትር ውሃ በያዘ ሀይላንድ ነው። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅ ከዚያ በላይ አልፈቀደችም። ወደ 16 ኪሎ እስክደርስ ዓመት አለፈ፣ መሰላሉን እስክሞላ ሌላ ዓመት። በ2010 እናቴ ታማ ቤቴ ተኛች፤ ለሰባት ወር ብረቱን አልነካሁትም። ከአልጋ ወደ ወንበር የማነሳት እኔ ነበርኩ፣ ቀን ሦስቴ አራቴ። መጀመሪያ ሳነሳት ትከሻዬ ይያዝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያዘ። ከቀብሯ በኋላ ስመለስ ከ16 እንደገና ጀመርኩ። 24 ኪሎን በቀኝ እጄ አምስት ጊዜ የገፋሁት 2011 መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚያ ቆመ። ከ24 ወደ 32 ስምንት ኪሎ ነው፣ ሲሶ ያህል ጭማሪ። መሐሉ ላይ መረገጫ የለም። የድሮ የሰርከስ ጉልበተኞች ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት እየሠሩ አሸዋና የእርሳስ ፍሬ ይሞሉበት እንደነበር አንብቤ ነበርና ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ወፍራም ቱቦ ተቆረጠ፣ ላይና ታቹ በላሜራ ተበየደ፣ እጀታው ከፌሮ ሆነ፣ በጎኑ በብሎን የሚዘጋ ቀዳዳ ተበጀለት። «ምን ሊያደርጉበት ነው ጋሼ?» አለኝ በያጁ። «ላነሳው» አልኩት። ዋጋ ጨመረብኝ። ቤት ወስጄ አሸዋና የብረት ቁርጥራጭ ሞላሁበትና ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አይታኝ «ጋሼ፣ ይሄን እንኳ አንፈጭም» አለችኝ። ሃያ ሰባት ተኩል ይላል። የሚዛን ድንጋይ የነበረው ነገር ተመልሶ የእህል ሚዛን ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ኪሎ በጨመርኩ ቁጥር እሷ ጋ እሄድ ነበር። በኮሮና ጊዜ ግቢው ሲዘጋ 28 ላይ ነበርኩ፤ 30 ላይ ብቻ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ።

ዳኛዬ አብሮን የተማረ ነው። ስሙን አልጠራም እንጂ ታውቁታላችሁ፤ አምስት ኪሎ ዶርም ውስጥ የወተት ዱቄት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቶ ክብደት የሠራልን፣ በ2006 ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። አሁን የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። ግንቦት 2015 ላይ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ግቢዬ ውስጥ 32 ኪሎውን ገፋሁትና ቪዲዮውን ላኩለት። እንባዬ መጥቶ ነበር። ማታ ደወለ። «ወደ ኋላ ተለጥጠሃል። አልቆጥርልህም» አለኝ። ተቆጣሁ። ዘጋሁበት። ቪዲዮውን ደግሜ ሳየው ልክ ነው፤ ወገቤ እንደ ቀስት ጎብጧል። የሙኒክ ዳኞች አልፈውኝ ይሆናል፣ እሱ አላለፈኝም።

ሦስት ወር ወደ 28 ተመልሼ ጀርባዬን ግድግዳ አጠገብ አድርጌ ሠራሁ። ነሐሴ 2015፣ ቅዳሜ፣ ዝናቡ አባርቶ ሳለ፣ እንደገና ገፋሁት። ክንዴ መሐል ላይ ቆመ፤ ቆመ፤ ከዚያ ሄደ። ዘበኛችን «ጋሼ ተረጋጉ!» ሲል በቪዲዮው ይሰማል። ዳኛው ሁለት ቀን ዝም አለ፤ ሦስተኛው ቀን «ተቆጥሯል። ግራውስ?» ብሎ ጻፈልኝ።

ግራው ገና 28 ላይ ነው። ለዘንድሮው ግብዣ ከሜሪላንድ እንደሚመጣና ብረቱን ይዤ እንድገኝ ነግሮኛል። ባለቤቴ ግን ምሳ ብቻ በልተን እንደምንመለስ ወስናለች።