የውርጭ ምድሯ ዘማሪ ወፍ ንዑስ ዝርያዎችና መገኛዎቻቸው

የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ከፍተኛ ተራሮች ከሚጋሯቸው አእዋፍ አንዷ በሳይንሳዊ ስሟ ፒናሮክሮአ ሶርዲዳ ተብላ የምትታወቀው ትንሽ ዘማሪ ወፍ ናት። ከዝንብ ያዥ ወፎች ቤተሰብ የምትመደበው ይህች ወፍ ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ቡናማ ላባ፣ ረዘም ያሉ እግሮችና አጭር ጅራት አሏት። በኢትዮጵያ በጓሳ ሣር፣ በአስታና በጅባራ መካከል ነፍሳትን እየለቀመች ትኖራለች።

ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፐል ወደ ኢትዮጵያ ካደረገው ጉዞ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1837 ለሳይንስ አስተዋውቋታል። ሶርዲዳ በላቲን ያደፈ ማለት ነው፤ ከግሪክ የተወሰደው ፒናሮክሮአም ትርጉሙ ከዚህ አይርቅም። ስም አውጪዎቿ ሁለት ጊዜ አልራሩላትም። ለረጅም ጊዜ ሰርኮሜላ በተባለው ወገን ውስጥ ተመድባ የቆየች ሲሆን፣ የዘረመል ጥናቶች የዚያ ወገን አባላት ከአንድ ግንድ ያልወጡ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ለብቻዋ እንድትመደብ ተደርጓል።

በአሁኑ ጊዜ አራት ንዑስ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ሶርዲዳ የተባለው በኢትዮጵያ፣ ኧርነስቲ በኬንያና በምሥራቅ ኡጋንዳ ተራሮች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1885 የተሰየመው ሃይፖስፖዲያ መኖሪያው የኪሊማንጃሮ ተራራ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የተሰየመው ኦሊሞቲኤንሲስ ደግሞ በንጎሮንጎሮ አካባቢ ከሚገኙት የሰሜን ታንዛኒያ ከፍተኛ ቦታዎች አይወጣም። ንዑስ ዝርያዎቹ ለዓይን እጅግ የሚቀራረቡ ናቸው፤ የሚያራርቃቸው በተራሮቹ መካከል ያለው፣ ወፏ የማትኖርበት ሞቃታማ ቆላ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሩፐል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1840 የሰየመው ቀይ ቀበሮ፣ ታላቁን የስምጥ ሸለቆ ወሰን በማድረግ በሁለት ንዑስ ዝርያዎች ተከፍሏል፤ አንደኛው ሰሜንን ጨምሮ በሸለቆው ሰሜን ምዕራብ፣ ሁለተኛው ባሌን ጨምሮ በደቡብ ምሥራቅ ይኖራል። ወፏ ግን ከሸለቆው ወዲያና ወዲህ በአንድ ስም ትጠራለች። ክንፍ ያለው ፍጡር ሸለቆውን ይሻገራል ማለት ቀላል ቢሆንም፣ ከውርጭና ከደጋ ጫፍ እምብዛም ለማትወርድ ወፍ ይህ እንደ በቂ ማስረጃ ሊወሰድ አይችልም።

ጉዳዩ ከስያሜ ያለፈ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ የአእዋፍን ሁኔታ የሚመዝነው በዝርያ ደረጃ ሲሆን፣ ይህችም ወፍ በአጠቃላይ አሳሳቢ ስጋት ከሌለባቸው ዝርያዎች ተርታ ተመዝግባለች። በመሆኑም በአንድ ተራራ ብቻ የሚኖር ንዑስ ዝርያ ቢመናመን የዝርያው ደረጃ ላይለወጥ ይችላል። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የገብስ እርሻና ልቅ ግጦሽ ወደ ላይ እየገፉ ናቸው። የአየር ሙቀት መጨመርም ቆላ ወርደው መኖር የማይችሉ አእዋፍን ወደ ጫፍ የሚገፋ ሲሆን፣ ከጫፉ በላይ የሚሸሹበት ስፍራ የለም።