ብሌን

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ኮረብታዎች በታች በሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ሲቋቋም «የዓይን ብሌን ልገሳ» የሚለው ሐረግ አብሮ ተስፋፋ። ብሌን በተለመደው አነጋገር የዓይን መሐል ጥቁሩ ክብ ነው። በልገሳ ቋንቋ ግን ከፊቱ ያለውን፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል የሚወፍረውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያን ያመለክታል።

ኬራቶኮነስ የተባለው በሽታ ይህን ሽፋን ያሳሳዋል፤ ወደ ፊት እያሾለም እይታን ያዛባል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ነው። ዓይንን አጥብቆ ማሸት ያባብሰዋል፤ በአለርጂ ዓይኑን የሚያሳክከው ልጅ ቶሎ መታከም ያለበትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ላይ መነጽር፣ ቀጥሎ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ይረዳል። በሽታው እየገፋ ከሆነ ኮርኒያው ላይ የሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) ጠብታ ይደረግና በአልትራቫዮሌት ጨረር እንዲጠነክር ይደረጋል። ክሮስሊንኪንግ ይሉታል። ዋና ዓላማው መባባሱን መግታት እንጂ የጠፋውን እይታ መመለስ አይደለም፤ ስለዚህ በጊዜ መድረስ ወሳኝ ነው።

በሽታው ኮርኒያው ላይ የሚተወው ጠባሳ ሲበረታና ሌንስም ሲያቅተው ንቅለ ተከላ ይቀራል፤ እሱም ከሞተ ሰው የተለገሰ ብሌን ይፈልጋል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ከሞታቸው በኋላ ዓይናቸውን ለመለገስ ቃል ገብተው ነበር።