ከቱቦው ጋር የመጣ እንቅልፍ

እ.ኤ.አ. በ1952 የፖሊዮ ወረርሽኝ ኮፐንሃገንን አስጨነቀ። በብሌግዳም ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመተንፈሻ መሣሪያ ከታገዙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ኦገስት 27 ቀን የማደንዘዣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን ጉሮሮዋ ተቀዶ ቱቦ ለገባላት የ12 ዓመት ልጅ አየር በእጁ ሊሰጥ ሞከረ። ልጅቷ ታገለችው፤ ሳንባዋም አየሩን አልቀበል አለ። ኢብሰን ፔንቶታል የተባለ ማስተኛ መድኃኒት 100 ሚሊግራም ሰጣት። የራሷ ትንፋሽ ሲቆም ትግሉም ቆመ፤ የጎማውን ከረጢት በጨመቀ ቁጥር ደረቷ ይነሳ ጀመር። ልጅቷ ተረፈች።

የጽኑ ሕሙማን ሕክምናን ልደት ከዚያ ቀን የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው። ማስተኛ መድኃኒትም በልደቱ ላይ እንደነበረ ግን እምብዛም አይነሳም። ደግሞም የተሰጠው ለአንድ የጭንቅ ሰዓት እንጂ ለሳምንታት አልነበረም። በቀጣዮቹ ወራት 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ከረጢቱን ሲጨምቁ ብዙዎቹ ሕሙማን ነቅተው ነበር፤ ተማሪዎቹ ያጫውቷቸውና መጽሐፍ ያነቡላቸው ነበር።

የተማሪውን እጅ ማሽን ሲተካው ነገሩ ተለወጠ። የቀድሞዎቹ ማሽኖች ከሕመምተኛው ትንፋሽ ጋር እኩል መራመድ ስለማይችሉ ሰውየውን ማስተኛት፣ አንዳንዴም ጡንቻውን ማሽመድመድ የተለመደ ሆነ። ማሽኖቹ ከተሻሻሉ በኋላም ልማዱ አልቀረም። ማስጠንቀቂያ አልጠፋም፤ በ1983 ሌዲንግሃምና ዋት የተባሉ የግላስጎው ሐኪሞች፣ ኢቶሚዴት የተባለው ማስተኛ በተከታታይ የሚንጠባጠብላቸው የአደጋ ጉዳተኞች በብዛት እየሞቱ መሆኑን በላንሴት መጽሔት አሳወቁ። መድኃኒቱ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ኮርቲሶል እንዳያመነጭ ያግድ ነበር። ያ መድኃኒት ለዚህ አገልግሎት መዋሉ ቀረ፤ ሰውን ለቀናት አስተኝቶ ማቆየት ግን ቀጠለ። በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ትልቁ ያመለጠ ዕድል ይህ ነው፤ ተከሳሹ አንድ መድኃኒት ብቻ ሆኖ ልማዱ ሳይጠየቅ አለፈ።

ልማዱን በቁጥር የፈተነው የቺካጎው ሐኪም የክሬስ ቡድን ነው። በ2000 በታተመው ጥናት በ128 ሕሙማን ላይ፣ ማስተኛው በየቀኑ እስኪነቁ የሚቋረጥላቸው በመካከለኛ አሃዝ (ሚዲያን) 4.9 ቀን በማሽን ሲቆዩ የሌሎቹ 7.3 ቀን ሆነ።

የተኛው ሰው ሲነቃ ደግሞ አእምሮው የት እንዳለ መታወቅ ነበረበት። ቱቦ ያለበት ሰው አይናገርም። የቫንደርቢልቱ ዌስሊ ኢሊና ባልደረቦቹ በ2001 ያቀረቡት መመዘኛ ይህን በእጅ ፈታው፤ ነርሷ አሥር ፊደላት እየለየች ትጠራለች፣ ሕመምተኛው "ኤ"ን በሰማ ቁጥር እጇን ይጨብጣል። ትኩረቱ የተበተነ ሰው ይስታል። በዚህ መንገድ፣ ጸጥ ብሎ የተኛ ስለሆነ ደኅና ነው የሚባለው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ በዴሊሪየም (በድንገተኛ የአእምሮ መታወክ) ውስጥ እንዳለ ታወቀ። በ2004 የወጣው ጥናታቸው በስድስት ወር ውስጥ ዴሊሪየም ከያዛቸው 34 በመቶው፣ ካልያዛቸው 15 በመቶው መሞታቸውን አሳየ።

በ2010 በታተመ ጥናት የዴንማርኳ ኦደንሴ ከተማ ሐኪሞች ማስተኛውን ጭራሽ ለመተው ሞከሩ፤ ሞርፊን ሲያስፈልግ ይሰጣል፣ የሚያጽናና ሰውም አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። በ140 ሕሙማን ላይ በተደረገው በዚህ ሙከራ ከማሽን ነጻ የሆኑ ቀናት ጨመሩ። ይሁን እንጂ እየተወራጩ የሚቃዡት 20 በመቶ ሲሆኑ ከሌላው ወገን 7 በመቶ ነበሩ። በ2020 በ700 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሰፊ ሙከራም ጉልህ የሞት ልዩነት አላሳየም። ስለዚህ መዝገቡ የሚደግፈው ፍርድ መድኃኒቱ ሁሉ ይወገድ የሚል አይደለም፤ ጥልቅ እንቅልፍ በልማድ አይሰጥ የሚል ነው።

ያን ዓመት ኮቪድ መጣ፤ ብዙ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎችም ወደ ከባድ ማስተኛ ተመለሱ፤ የቤተሰብ ጥየቃም ተከለከለ። በ14 አገሮች 2,088 ሕሙማንን የተከታተለው የ2021 ጥናት 64 በመቶው ቤንዞዳያዜፒን የተባለው የማስተኛ ዓይነት እንደተሰጣቸው መዝግቧል። ቤንዞዳያዜፒን የተሰጠው ሰው በዴሊሪየም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ቤተሰቡ በአካል ወይም በቪዲዮ ጥሪ ያገኘው ሰው ግን ዕድሉ ያነሰ ነበር።